ጥቁር መኪና፣ ነጭ ነጠብጣብ፦ በአቼቶ ይለቃል ወይስ አቼቶ ቀለም ይበላል?

ሰላም ለቤቱ።

መኪናዬ ጥቁር ናት። ጥቁር መኪና የያዘ ሰው ገና ሳልጨርስ ይገባዋል። ከሁለት ወር በፊት ኮፈኗ ላይ ነጫጭ፣ ክብ ክብ ነጠብጣብ አየሁ። አቧራ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ አበስኩት። እርጥብ እያለ ጠፋ፤ ሲደርቅ ተመልሶ መጣ። በሻምፖ አጠብኳት። ያው ነው። ላቫጆ ወሰድኳት። ሲያስረክቡኝ ታበራለች፤ ፀሐይ ላይ ሩብ ሰዓት ስትቆም ነጠብጣቡ እዚያው ተቀምጧል። እንዲያውም ወልዶ ጠበቀኝ። ጥፍሬን አስኬድኩበት። አንዳንዱ ይሻክራል። አንዳንዱ ግን ለጣት ምንም የለውም፤ ለዓይን ብቻ ነው ያለው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይሄ ነገር ምንድን ነው? በምንስ ይለቃል? አንዱ ጓደኛዬ አቼቶ አለኝ። ሌላው አቼቶ ቀለም ይበላል አለኝ። መሃል ቆሜ ነው የምጽፈው።

ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት በኋላ ነው። ይሄ የውይይት ክር 29 መልስ ደርሷል፤ ሲሶው ንትርክ ነው። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም እንዳይፈትሽ ብዬ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ እተርካለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ያጋነንኩት ነገር ካለ የኔ ጥፋት ነው።

መልስ 1። የከፈተልኝ ጨዋ ሰው ነው። ከሰላምታው በኋላ ነጠብጣቡ የውሃ ትራፊ ነው አለ። ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሺየምና ማግኒዥየም አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። እነዚህ የበዙበት ውሃ ጠጣር ውሃ ይባላል። ጠብታው መኪና ላይ ሲደርቅ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ የተሸከመውን ጥሎት ይሄዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አብሮ ይወጣና የሚቀረው ካልሺየም ካርቦኔት ነው፤ ማለትም መልሶ ያው የኖራ ድንጋይ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እየጋገረ የሚቀረው ነጭ ቅርፊትም ይሄው ነው። ሻምፖ የሚያነሳው ቅባትና ቆሻሻ እንጂ ድንጋይ አይደለም። እርጥብ ሲሆን የሚጠፋውም ስለለቀቀ ሳይሆን ውሃው ሸፍኖት ነው። በዚያው ውሃ ደጋግሜ ማጠቤ በድንጋይ ላይ ድንጋይ መደረብ ነበር ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ።

መልስ 2። የመጀመሪያውን አመስግኖ ቁጥር ጨመረ። ቁጥር የሚወድ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በሊትር እስከ 60 ሚሊግራም ካልሺየም ካርቦኔት ያለው ውሃ ለስላሳ ይባላል፤ እስከ 120 መካከለኛ፣ እስከ 180 ጠጣር፣ ከዚያ በላይ በጣም ጠጣር። ከዚያ ስሌት ሠራ። ውሃው በሊትር 200 ሚሊግራም አለው እንበል። መኪናዋ ታጥባ ሳትወለወል ግማሽ ሊትር ይዛ ብትቀር፣ ሲደርቅ 100 ሚሊግራም የድንጋይ ዱቄት ይተርፋል። በሳምንት አንዴ ቢሆን በዓመት ከ5 ግራም ያልፋል። ሁሉም ላይዋ ላይ ይከማቻል ማለቱ አልነበረም። መወልወል ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ነው።

መልስ 3። እሱም ጋ እንዳለና እየተከታተለ እንደሆነ ጻፈ። ከዚህ ሰው ሌላ ነገር አልሰማንም።

መልስ 4። የአቼቶ ጠበቃ መጣ። ከዚህ በኋላ በዚህ ስም ነው የምጠራው። መፍትሔው ከኩሽና አያልፍም አለ። አቼቶና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን ዓይነት ዲስቲልድ ውሃ እኩል በእኩል መቀላቀል፣ ጨርቅ ነክሮ ነጠብጣቡ ላይ ማልበስ፣ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፣ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። አራት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ መኪናው ምንም አልሆነችም። ቀለም ይበላል የሚሉት ዕቃ መሸጥ የሚፈልጉ ናቸው ብሎ ዘጋው። መኪናው ነጭ መሆኗን በመጨረሻው መስመር ላይ እንደ ተራ ነገር ጣል አድርጓል። ያኔ ልብ አላልኩትም።

መልስ 5 እና 6። 5 ሎሚ ይሻላል አለ። 6 ሎሚ ስኳርም ፍሬም አለው፣ ከዚያ ይልቅ በዱቄት የሚሸጠው ሲትሪክ አሲድ ንጹሕ ነው ብሎ አረመው። ሁለቱም በጨዋ ደንብ ተለያዩ። በዚህ ክር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የታየው ለመጨረሻ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

መልስ 7። አቼቶው ጉልበት እንዲያገኝ ትንሽ በረኪና ጣል ቢደረግበትስ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 8። ይሄኛው ሰላምታም አላስቀደመም። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጋራዥ ዘግቶ እንዲህ የሚሞክር ሰው ለነጠብጣቡ ሳይሆን ለሳንባው ይጨነቅ አለ። ቃለ አጋኖውን ስቆጥር አራት ነበር። 7 ጥያቄውን ሰርዞ ወጣ። ቁጣው በዛ ያላችሁ ነበራችሁ። እኔ አልበዛም ባይ ነኝ። ያን ጥያቄ ሌላ ሰው አንብቦ ዝም ብሎ ቢሞክረውስ?

መልስ 9። የዚህ ክር ፍሬ ያለው እዚህ ስለሆነ ዘርዘር አደርገዋለሁ። ሰውዬው በሙያው ቀለም ቀቢ ነው። በጣም በትህትና፣ ወንድሜ እያለ፣ ጥያቄዬን ራሱን አረመው። በምን ይለቃል ብሎ መጠየቅ የሚቻለው የተለጠፈ ነገር ሲኖር ነው። ነጠብጣብ የሚባለው ግን አንድ ነገር አይደለም። አንደኛው ቀለሙ ላይ ቁጭ ያለ ድንጋይ ነው። ይሄ ይሟሟል፣ ይነሳል። ሁለተኛው ድንጋዩ ቢነሳም ከሥሩ ያለውን ስስ ሽፋን፣ ክሊሩን፣ ነክሶት የሄደ ነው። እዚያ ያለው ነገር ሳይሆን የጎደለ ነገር ነው የሚታየው። ሦስተኛው ደግሞ ንክሻው ጠልቆ ጉድጓድ የሆነ ነው። ጉድጓድን አሲድ አያነሳውም፤ ያሰፋው ይሆናል እንጂ። ጉድጓድ የሚጠፋው ዙሪያው ያለው ሁሉ ተሞርዶ ወደ እሱ ሲወርድ ነው። ፖሊሽ ማለት ሌላ ምንም አይደለም፤ መሞረድ ነው።

ከዚያ ስንት የሚሞረድ ነገር እንዳለ አሳየን። የዘመኑ መኪና ከለሩ ላይ ክሊር የሚባል ብርጭቆ መሰል ሽፋን ይነፋበታል። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የራስ ጸጉር አንድ ዘለላ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ማለትም መኪናዬን ከፀሐይ የሚጠብቃት ነገር ከጸጉሬ ይሳሳል። ከዚያ ላይ ጥቂት ማይክሮን ከተነሳ የሚተካ የለም። የቀለም መለኪያ አለኝ ብሎ የሚመካ ካለም፣ የተለመደው መለኪያ ከብረቱ በላይ ያለውን ጠቅላላ ውፍረት እንጂ ክሊሩን ለብቻው አይነግርም አለ። 120 ማይክሮን ቢያሳይ ክሊሩ ስንት እንደቀረ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም።

መለያ ዘዴም ሰጠኝ። መኪናዋን አጥቤ ካደረቅሁ በኋላ እጄን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትቼ በቀለሙ ላይ ቀስ ብዬ እንዳስኬድ። ፌስታል ባዶ እጅ የማይሰማውን ያሰማል። ከሻከረ ላይ ላዩን ነው። ለስልሶ ለዓይን ብቻ ከታየ ምናልባት ገብቷል። ያን ማታ ሞከርኩት። ኮፈኑ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነበር። አንዳንድ ቦታ ግን፣ በተለይ ከመሪው በኩል፣ ነጭ ክብ እያየሁ እጄ ምንም አላገኘም።

መልስ 10። የአቼቶው ጠበቃ ተመለሰ፤ ተቆጥቶ። ይሄ ሁሉ ማይክሮን የሚቆጠረው ደንበኛ ለማስፈራራት ነው፣ ቀቢ ካልተቀባ አይበላም፣ የሚል ነገር ጻፈ። እሱ ማይክሮን ሳይቆጥር አራት ዓመት ነድቷል።

መልስ 11። 9 መለሰለት። እስከዚያ ድረስ ወንድሜ ሲል የነበረው ሰው ድንገት እርስዎ ማለት ጀመረ። እዚህ መድረክ ላይ እርስዎ ሲመጣ አክብሮት እንዳይመስላችሁ። እርስዎ መኪናዎ ነጭ ናት፣ በነጭ ላይ ነጭ አይታይም፣ ማታ በእጅ ባትሪ አግድም አብርተው ጣሪያዋን ይዩና ያውሩን፤ ይህን ይመስላል መንፈሱ። አቼቶን አልተቃወምኩም፣ የተቃወምኩት ሳይመረምሩ መድፋትን ነው ብሎም ጨመረ። በአብዛኛው 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ የያዘ ነገር ቀዝቃዛ ቀለም ላይ ለደቂቃ ቢያርፍ ብዙ አይጎዳም። የጋለ ኮፈን ላይ ሲደርቅ ግን ራሱ ሌላ ነጠብጣብ ነው። የተቀባ ሰም ካለም ያሳሳዋል።

መልስ 12። ርዕሱን ወደ ፀሐይ ወሰደው። ጠብታው እንደ ማጉያ መነጽር ሆኖ ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ ለዚያ ነው ክብ የሚሆነው አለ። እኔም እስከዚያ ቀን የማምነው ይሄንኑ ነበር።

መልስ 13። ክብ የሚሆነውማ ጠብታ ክብ ስለሆነ ነው ብሎ ጀመረ። ጠብታ ብርሃን ይሰበስባል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ዝርግ ነገር ላይ የተኛ ጠብታ ብርሃኑን የሚያጠራቅመው ካረፈበት ወለል አልፎ ነው፤ የሚያቃጥለው ነጥብ ቀለሙ ላይ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ይሄን በቅጠል ላይ የፈተሹበትን ጥናት አሳትመዋል። ለስላሳ ቅጠል ላይ ያረፈ የውሃ ጠብታ አላቃጠለም። ጠብታውን ከቅጠሉ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ጸጉር ያለው ተክል ግን ሊጎዳ ይችላል። መኪናችሁ ጸጉር ካላት ተጠንቀቁ አለ። ሳቅሁ። 12 ግን አልሳቀም፤ የራሱን ዓይን እንደሚያምን ጽፎ ሄደ።

ፀሐይ ነጻ ወጣች ማለት ግን አይደለም፤ ይሄንንም 13 ነው ያብራራው። ጠብታው እየደረቀ ሲያንስ ውስጡ ያለው ሁሉ እየወፈረ ይሄዳል። የጋለ ብረት ላይ ይሄ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሙቀቱም በውሃው ውስጥ የነበረው ጨው፣ ማለትም ካልሺየሙና መሰሎቹ፣ ከክሊሩ ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት ያፋጥነዋል። ጥቁር ኮፈን በቀትር እጅ አያስነካም። እዚያ ላይ ውሃ አርከፍክፎ መሄድ ማብሰል ነው።

መልስ 14፣ 15 እና 16። ስለ ወፍ ኩስ፣ ስለ ዛፍ ሙጫ፣ ወፎች ለምን የታጠበ መኪና እንደሚመርጡ። አለፍኳቸው። የወፍ ኩስ ሳይደርቅ በፍጥነት ይነሳ፣ ደርቆ ከሆነም አይፋቅ፣ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት ይራስ የሚለው ብቻ ይጠቅማል።

መልስ 17። የፊት መስታወቱ ላይ የነበረውን ነጠብጣብ እንደ ጥጥ በለሰለሰው፣ ባለ አራት ዜሮ በሚባለው የብረት ሽቦ ፈትጎ እንዳጠፋ ተናገረ። እስከዚህ ጥሩ። ቀጥሎ ግን ኮፈንህም ላይ ሞክረው አለኝ።

መልስ 18። ይሄንን ሲያነብ ከወንበሩ የተነሳ ይመስለኛል። መስታወት ጠንካራ ነው፣ ያን ስስ ሽቦ ይችላል። ክሊር ፕላስቲክ ነው ማለት ይቻላል፤ ሽቦ ከነካው ነጠብጣቡን ሳይሆን መኪናዋን በሙሉ ነው የምታጣው አለ። የጥርስ ሳሙና ሊሉ የተዘጋጁትንም ቀድሞ መለሳቸው። የጥርስ ሳሙና ለጥርስ የተመጠነ መፋቂያ ነው፣ ለክሊር የመጠነው ማንም የለም።

መልስ 19። አንድ ሰው ቸርኬ ማጽጃ አመጣ። ስሙን አልጠራም፤ አንዴ ተነፍቶበት ነጠብጣቡ በዓይኑ ፊት እንደቀለጠ ነው የነገረን። ለመስታወትም ለቀለምም አንደኛ አለ።

መልስ 20። ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ስለጻፈች የበለጠ አስፈራችኝ። ከእነዚህ ኃይለኛ ማጽጃዎች አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ አለባቸው። ይሄ ነገር መስታወትንም ይበላል። በቆዳ በኩል ይሰርጋል፤ ሕመሙ ወዲያው ላይሰማ ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚጀምረው። ያኔ ሰውነት ውስጥ ያለውን ካልሺየም እያሰረ ነው። ካልሺየም የሚያሳድድ አሲድ የኮፈንህን ካልሺየምና የአጥንትህን ካልሺየም አይለይም አለች። ከዚያ በኋላ የማንኛውንም ማጽጃ ጀርባ ሳላነብ ክዳኑን አልከፍትም። 19 ጠርሙሱን አገላብጦ እንዳየና አንዱን ስም እንዳገኘበት በአንድ መስመር አመሰገናት።

እሷ ለ9 የምትጨምረው ነገርም ነበራት። አቼቶ አልሠራም ማለት ሁልጊዜ ቀለሙ ተበልቷል ማለት አይደለም። አቼቶ ካርቦኔትን ያሟሟል። ውሃው ሰልፌት ወይም ሲሊካ ካለበት ግን የሚቀረው ቅርፊት ለአቼቶ እጅ አይሰጥም። ስለዚህ ከአቼቶ በኋላም ፌስታሉን መድገም። አሁንም ከሻከረ ቀጣዩ ክሌይ ነው፤ እንደ ሊጥ እየተለወሰ የተለጠፈውን እየጎተተ የሚያነሳው ማለት ነው።

መልስ 21። አንዲት መስመር። ነጠብጣቡ በየትኛው ጎን ነው የበዛው? ብላ ጠየቀች። ዘልዬው አለፍኩ። ነጠብጣብ ነጠብጣብ ነው፣ ጎን ምን ያደርጋል ብዬ።

መልስ 22 እና 23። 22 ሴራሚክ የሚባለው መከላከያ ሽፋን የተቀባ መኪና ነጠብጣብ የሚባል ነገር አያውቀውም አለ። 23 ራሱ ሴራሚክ ያስቀባ ሰው ነው፤ ስቆበት መለሰ። ሴራሚክ ውሃውን ያንከባልለዋል እንጂ አያጠፋውም። ሳይንከባለል የቀረው ጠብታ ቁልል ብሎ አንድ ቦታ ይደርቃል፤ ጨውም እዚያችው አንድ ነጥብ ላይ ይከማቻል። ጥቅሙ፣ መጀመሪያ የሚነከሰው ሴራሚኩ መሆኑ ነው። ደግሞ ነጠብጣቡ ሳይነሳ የተቀባ እንደሆነ ነጠብጣቡን በክብር አሽጎ ማስቀመጥ ነው አለ። በዚህ ሁለቱ ስድስት ያህል አጫጭር ነገር ተወራወሩ። አወያዩ አጠፋላቸው፤ ደግ አደረገ።

መልስ 24። ቤቱ የውሃ ማለስለሻ እንዳስገባና እንደተገላገለ ጻፈ። ደስ አለኝ፤ የምገዛውም መስሎኝ ነበር።

መልስ 25። ሁለተኛው፣ ያ ቁጥር ወዳዱ፣ ተመልሶ ደስታዬን ቀነሰው። ማለስለሻ ካልሺየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል። ጨው ለጨው መለዋወጥ ነው። ሲደርቅ አሁንም ነጭ ይተዋል፤ ልዩነቱ የሶዲየሙ በእርጥብ ጨርቅ በቀላሉ መነሳቱ ነው። ምንም እንዳይተው ከተፈለገ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ጨዉ በሙሉ የተወሰደለት ውሃ መሆን አለበት። ያን ትንሽ የውሃ መለኪያ ዕቃ ገዝቶ ማለስለሻዬ አይሠራም ለሚለውም መልስ ነበረው። መለኪያው የሚያየው የሟሟውን ሁሉ ድምር ነው። የለሰለሰ ውሃ ውስጥ ስታስገባው ከበፊቱ የማይርቅ ቁጥር ቢያሳይ አይግረማችሁ። ደግሞ ለብዙ ሰው ይሄ ሁሉ አያስፈልግም አለ። ጥላ ስር ማጠብ፣ በየክፍሉ ማለቅለቅ፣ ሳይደርቅ በማይክሮፋይበር መወልወል። ውሃ ካልደረቀበት የሚተወው የለም።

መልስ 26። ይሄ የኔ ነው። ቅዳሜ በጠዋት፣ ጥላ ስር፣ ብረቱን በእጄ ነክቼ መቀዝቀዙን አይቼ ጀመርኩ። በሻምፖ አጠብኳት። አቼቶና ዲስቲልድ ውሃ እኩል ቀላቅዬ ጨርቅ ነክሬ ኮፈኑ ላይ አለበስኩ። ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ማለቅለቅ። ደገምኩት። ያልደረቀ መሆኑን በየሰከንዱ ነው የማየው፤ ወተት የጣደ ሰው እንደሚሆነው። በመጨረሻ በሻምፖ አጥቤ ወለወልኩ። ፌስታሉን ሳስኬድ ኮፈኑ ሌላ መኪና ሆኗል። በዓይኔ ሲሶው ያህል ብቻ ቀርቷል።

ለቀረው ክሌይ ሞከርኩ፤ ክሌዩን በሚያንሸራትት ፈሳሽ እያራስኩ። አንዴ ከእጄ መሬት ወደቀ። አንስቼ አራግፌ ልቀጥል ስል 9 የጻፈው ትዝ አለኝ፤ መሬት የነካ ክሌይ አሸዋ ይዟል፣ ይጣል። ጣልኩት። ለለሰለሱት ነጠብጣቦች ክሌይ ምንም አላደረገም፤ 9 እንዳለው። በነጋታው ስስ ፖሊሽ ይዤ ደብተር በምታክል ቦታ ላይ ብቻ በእጄ ሞከርኩ። ጠርዛቸው ደበዘዘ። ከዚያ የሚሽከረከርም የሚወዛወዝም ማሽን ተውሼ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በለስላሳው ስፖንጅ። ሦስት ቀሩ። ሦስቱን ለማጥፋት ከስሱ ፖሊሽ የበለጠ የሚሞርድ፣ ወፈር ያለ ኮምፓውንድ አንስቼ ነበር። ፎቶ ለጥፌ ጠየቅሁ። 9 ተው አለኝ። ሦስት ነጠብጣብ ያላት መኪና ክሊሯ ካለቀባት መኪና ትሻላለች። ተውኩ። ሰም ቀብቼ ጨረስኩ።

መልስ 27። የአቼቶው ጠበቃ። ይመለሳል ብዬ አልጠበቅሁም። ማታ በእጅ ባትሪ ጣሪያውን አይቶታል። ክብ ክብ አለ። ከውሃው ይሁን ወይስ አንዱን ቀን ፀሐይ ላይ ትቶት ከሄደው አቼቶ ይሁን አያውቅም። ይሄን ብቻ ነው የጻፈው። 9 ከሥሩ ባጭሩ መለሰለት፤ ወንድሜ ብሎ። በመጀመሪያ ፌስታሉን ሞክር አለው።

መልስ 28። የ21 እህት ተመለሰች። ጥያቄዋን እንዳልመለስኩ አስታወሰችኝ፤ ትንሽ ቆጣ ብላ፣ ግን መብቷ ነው። የላቫጆ ውሃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጎን እኩል ይሆን ነበር አለች። ተነስቼ ወጥቼ አየሁ። የቀሩት ሦስቱም በመሪው በኩል ናቸው። የነጠብጣቡን የመጀመሪያ ፎቶዎች መለስ ብዬ ሳያቸው፣ በዚያ በኩል ያለው ፓራፋንጎና በር ጢም ብሏል፤ ሌላኛው ጎን እዚህም እዚያም ብቻ ነው። እጠረጥር የነበረው ላቫጆውን ነበር። በልቤ ስንት ጊዜ ሰድቤያቸዋለሁ።

መልስ 29። የኔና የመጨረሻው። ሥራ ቦታ የማቆመው ከሣሩ ጥግ ነው። ጠዋት ስደርስ ሣሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ዝናብ መስሎኝ አላውቅም፣ አስቤውም አላውቅም። ሰኞ ዕለት ቀደም ብዬ ገብቼ መኪናው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ስፕሪንክለሩ ዞሮ ዞሮ መሪው በኩል ያለውን መስኮት ታ ታ ታ አደረገው። የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ጥበቃውን ጠየቅሁት። እኔ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ስቀመጥ መኪናዋ በየቀኑ እየታጠበች ፀሐይ ላይ ትደርቅ ነበር።

አሁን ሌላኛው ጥግ ነው የማቆመው። የድሮ ቦታዬን አንድ አዲስ ጥቁር መኪና ይዞታል፤ ታርጋው ገና አላቧረም። ባለቤቱን አላውቀውም። ወረቀት ላይ ስለ ስፕሪንክለሩ ጽፌ ዝናብ መጥረጊያው ስር ትቼለት ሄድኩ። በማግስቱ ሳልፍ ወረቀቱ እዚያው ነው። ቀለሙ ፈስሶ ምንም አይነበብም፤ ወረቀቱ ላይ ነጫጭ ክብ ክብ አለ።